ያላደገው መቅዘፊያ

ጣሊያን ተባሮ ጃንሆይ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ደምቢያ ውስጥ፣ ጎርጎራ አጠገብ፣ አድማሴ የሚባል ታንኳ ቀዛፊ ነበር። ደረቱ ሰፊ፣ ክንዱ ወፍራም ነው፤ ሲቆም ግን ያጥራል፤ ይህንንም ስለሚያውቅ ቆሞ መጫወት አይወድም። ታንኳው ላይ እግሩን ዘርግቶ ከተቀመጠ ወዲያ ግን ማን ይደርስበታል! እህልም እንጨትም ካህንም ያሻግራል። አፉ ደግሞ አያርፍም፤ ባሕሩን ይሳደባል፣ ነፋሱን ይሳደባል፣ ተሳፋሪውን ይተርባል። ሰዉ “ሸጋ ሰው ነበር፣ አፉ ባይኖር” ይለው ነበር።

ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ትልቁን ባሕር ወሰደበት። ይህን ሳልናገር ወደ ትንሹ ብዘል የአድማሴ ነገር አይገባችሁም።

በዚያ መንደር መቅዘፊያ በልክ ነው። ልጁ መቅዘፊያ ከሚሆነው የቀርከሃ ዘንግ፣ ከሸመሉ ጎን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አባት ከአናቱ ትክክል ይቆርጥለታል። ልጁ ሲያድግ አሮጌው ይጣልና አዲስ ይቆረጣል፤ ይህም መስቀል ካለፈ በኋላ ነው፤ ክረምት ልጆችን እንደ በቆሎ ይመዛቸዋላ። ቀዛፊ የሞተ እንደሆነም መቃብሩ በመቅዘፊያው ይለካል፤ መቅዘፊያው ቁመቱ ነውና ሬሳ መለካት አያስፈልግም።

አቀዛዘፉም ከአካል ጋር ይሄዳል። ትንሽ ልጅ ተንበርክኮ በክንዱ ብቻ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ውሃውን እየቧጨረ ይቀዝፋል። ትከሻው ሲሰፋና ወገቡ ሲጠና ቁጭ ብሎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ከወገቡ እየዞረ በረጅሙ መሳብ ይጀምራል። በመካከል ግን ክፉ ጊዜ አለ። እጅና እግር ቀድመው ይረዝሙና ጉልበት ወደ ኋላ ይቀራል። ትናንት ሲቀዝፍ ያማረበት ልጅ ዛሬ ታንኳውን ያሽከረክረዋል፤ መቅዘፊያው ከእጁ ያመልጠዋል፤ ይሳቅበታል። ይህን ጊዜ ሽማግሎቹ “ተዉት፣ አጥንቱ ቀድሞ ሄዶ ነው፣ ሥጋው ይደርስበታል” ይላሉ።

አድማሴ በትልቁ ልጁ በየሻው ጊዜ ይህን መታገሥ አልቻለም። የየሻው ድምፅ ገና ሳይጎረንን፣ አባቱ በሰው ፊት “የኔ ልጅ ጎረምሳ ነው!” ሊል ብሎ፣ ከልጁ አናት አልፎ የሚሄድ የሙሉ ሰው ሸመል ቆረጠለት። ልጁም ኮራ። ውሃው ጸጥ ባለ ጊዜ ቀዘፈበት፤ አባቱም አጨበጨበ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን ያ ረጅም ዘንግ ከልጁ ጉልበት በለጠ፤ ማዕበሉ ዘንጉን ያዘና ልጁን ጎትቶ ገለበጠው። መቅዘፊያው ዳር ወጣ። የሻው አልወጣም፤ ሬሳው ሳይገኝ ተለቀሰ።

አድማሴ መቅዘፊያውን አላቃጠለውም፣ ለሰውም አልሰጠውም። መደቡ ላይ በግድግዳው ጥግ አጋደመውና ቁርበት አንጥፎ አብሮት ተኛ። ሚስቱ ወለተ ሚካኤል “ምነው ይህን እንጨት ከቤት ብታወጣልኝ?” ብትለው፣ “ዝም በይ! እንጨት አይደለም” አላት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችውም።

ትንሹ ልጅ ፋንታሁን ይባላል። ወንድሙ ሲሞት ገና በልጅ መቅዘፊያ ዳር ዳሩን የሚጫወት ነበር። መስቀል መጣ፤ አድማሴ ሸመል አልቆረጠም። ሌላ መስቀል መጣ፣ ሄደ፤ አልቆረጠም። ለሚጠይቀው ሁሉ “አጭር መቅዘፊያ ሩቅ አያደርስም” ይል ነበር። ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ጥጃ ከደጅ እንዳይርቅ በአጭር ገመድ እንደሚታሰር፣ ልጁን በአጭር ሸመል ማሰሩ ነው። ፈራ እንጂ ሌላ ምን ይባላል። ያን አፈኛ ሰው ፍርሃት ገባው፤ ገብቶም አልወጣ አለ።

ፋንታሁን ግን በእናቱ ወገን ወጣ። ተመዘዘ! ትከሻው ሰፋ፣ ድምፁ ጎረነነ፣ አባቱን በአናቱ አለፈው። ቁጭ ብሎ እግሩን ዘርግቶ እንዳይቀዝፍ አጭሩ ሸመል ውሃውን በወጉ አይዝለትም። ስለዚህ ያን የሚያህል ጎረምሳ እንደ ሕፃን ተንበርክኮ፣ ጀርባውን አጉብጦ፣ ከታንኳው ጎን ወደ ውሃው ዘንበል እያለ ይቀዝፋል። ጓደኞቹ ቁጭ ብለው በረጅሙ እየሳቡ ሲያልፉት፣ “ፋንታሁን! እባሕር ውስጥ ምን ጠፋብህ?” ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ምን ያድርግ!

ጎረቤታቸው አያ ማሩ፣ የአገሩ ሽማግሌ ቀዛፊ፣ አንድ ቀን ታንኳ ሊያበጅ ደንገል ሲያሰጣ አድማሴን ያዘው።

“አድማሴ፣ ለዚህ ልጅ ሸመል ቁረጥለት እንጂ!”

“ልጅ እኮ ነው፣ አያ ማሩ።”

“ልጅ? ያንተ ጋቢ ከጉልበቱ አያልፍለትም! ወገቡን እያጎበጥኸው ነው። ደግሞ እንደዚያ ዘንበል እያለ አንድ ቀን ማዕበል ቢያገኘውሳ?”

“በዚያ ሸመል ማዕበል ያለበት አይደርስም።”

“አካል በል ቁም ሲሉት ይቆማል እንዴ፣ አንተ ሰው?”

“አያ ማሩ፣ ልጅ ቀብረህ ታውቃለህ?”

ማሩ ወደ ደንገሉ አጎነበሰ።

“እኔም አልቀበርሁ፤ የምቀብረው እንኳ አላገኘሁ። በል ተወኝ።”

ማሩም ተወው።

ለጥምቀት አባትና ልጅ ጎንደር ወጡ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ነውና፣ አድማሴ ለልጁ ሱሪና ሸሚዝ ሊያሰፋለት ቅዳሜ ገበያ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰደው። ሰፊው ሜትሩን ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ዘርግቶ፣ “አባቴ፣ ይህ እኮ ከርስዎ ይረዝማል” ቢል፣ አድማሴ ተቆጣ። “የልጅ አድርገህ ስፋ ብዬሃለሁ! ጨርቅ ልታስጨርሰኝ ነው?” ሰፊው ትከሻውን ነቀነቀና የልጅ አድርጎ ሰፋ። ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወደ ቀሐ ሲወርዱ የፋንታሁን ሱሪ ባቱ ላይ ቀርቶ፣ እጅጌው ክርኑን አልፎ አልሄድ ብሎ፣ የከተማው ልጃገረዶች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁበት። አድማሴ አይቷል። አይቶም ፊቱን ወደ ታቦቱ መለሰ።

በማኪና ወደ ጎርጎራ ሲመለሱ፣ ልጁ ከተጫነው ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ፣ “አባባ፣ ትቆርጥልኛለህ?” አለው።

“ምኑን?”

“መቅዘፊያ።”

አድማሴ አገጩን አከከ፤ የሚሳደበው ነገር ቢፈልግ አጣ። “ለመስቀል” አለ። ፋንታሁን የአባቱን እጅ ስቦ ሳመ። ለመስቀል ገና ክረምት ነበረበት።

ግንቦት ላይ አድማሴን ንዳድ ጣለው። እየተንቀጠቀጠ፣ እየቃዠ ዋለ፣ አደረ። ኪኒን ያለው ጎርጎራ ነው። በእግር ዞሮ ሄዶ መመለስ ቀኑን ይፈጃል፤ በባሕሩ ክንድ ቢሻገሩ ግን ቅርብ ነው። ወለተ ሚካኤል ወጣች፣ ገባች፤ ማሩን ብታስፈልግ ለእንጨት ሄዷል አሏት። በመጨረሻ ልጇን አየችው። “ሂድ እንግዲህ፣ የኔ ጌታ፤ ነፋሱ ሳይነሳ ተመለስ” አለችው።

ፋንታሁን ወደ መደቡ ጠጋ አለ። ረጅሙ መቅዘፊያ ከአባቱ ጀርባ ግድግዳውን ተጠግቶ ተጋድሟል። “አባባ፣ በዚህኛው ልሂድ?” አለና እጁን ዘረጋ።

አድማሴ ዓይኑን ገለጠ። ትኩሳቱ ውስጥ ሆኖ ያየው ሌላ ልጅ ነው። “የሻው! እሱን እንዳትነካ!” ብሎ ጮኸና ዘንጉን በጀርባው ተጫነው።

ልጁ እጁን ሰበሰበ። ቢጎትተው ይችል ነበር፤ የታመመ አባቱን በአንድ እጁ ያነሳው ነበር። ግን ከአባቱ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ከደጅ አጭሩን ሸመል አንሥቶ ወረደ።

ደረሰም፤ ኪኒኑንም አገኘ። ሲመለስ ነፋሱ ተነሣ። ማሩ ከእንጨቱ ተመልሶ ዳር ነበር፤ ያየው እሱ ነው። ልጁ ተንበርክኮ፣ አካሉ ታንኳው ላይ እንደ ምሰሶ ቆሞ፣ ውሃውን ሊደርስበት ወዲህ ዘንበል፣ ወዲያ ዘንበል ይላል። “ቁጭ በል! ቁጭ በል አንተ ልጅ!” እያለ ማሩ እጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጮኸ። ድምፁ ለነፋስ ሆነ። ቢሰማስ፣ ቁጭ ብሎ በምኑ ሊቀዝፍ ነው? ደግሞ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ዘንበል ባለበት ማዕበል ከታች መታው፤ ታንኳው ባዶውን ወደ ዳር መጣ።

በማግሥቱ ጠዋት ሬሳውን ባሕሩ ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ አገኙት። ኪኒኑ በነጠላው ጫፍ እንደ ተቋጠረ ቀልጧል። አጭሩን ሸመል ማሩ ከውሃው ለቅሞ ይዞት መጣና ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ አስደገፈው። መቃብር የሚቆፍሩት ጎረምሶች እንደ ወጉ እሱን አንሥተው ለኩ፣ ቆፈሩ። ማንም ምንም አላሰበም።

የአድማሴን ትኩሳት ሌሊቱን ላብ አውጥቶለት ነበር። ነገሩን ሲነግሩት አልጮኸም፤ ግራና ቀኝ ደግፈውት መጣ። መምሬ ሀብተ ማርያም ጸሎታቸውን ጨረሱ። በሰሌን የተጠቀለለውን ሬሳ በገመድ ሲያወርዱት፣ በራስጌው በኩል ገባ፣ እግሩ ግን ከመቃብሩ አፍ ላይ ቀረ። ገፋ አደረጉት፤ እንቢ አለ። ለቅሶው ሁሉ ቀጥ አለ።

“መልሱት” አሉ መምሬ፣ ቀስ ብለው።

“ማነው የለካው?” አለ አድማሴ። የድሮው ቁጣው ነው። “የሰው ልጅ እንዲህ ይቀበራል? ማነው የለካው!”

ከጎረምሶቹ አንዱ መሬት መሬት እያየ፣ “በመቅዘፊያው ነው፣ አያ” አለ።

አድማሴ ግንቡን ወደ ተደገፈው አጭር ሸመል ዞረ። ትንሽ ነው፤ የሕፃን ነው።

ይህን ጊዜ ወለተ ሚካኤል ከአልቃሾቹ መካከል ተነሥታ ሄደች። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው። የየሻውን ረጅም መቅዘፊያ ይዛ ተመለሰችና፣ ማንንም ሳታይ፣ ከሰሌኑ ጎን አስተኛችው። ከአናት እስከ ተረከዝ ልክ ሆነ። ማሩ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

አድማሴ የደገፉትን ሰዎች እጅ አስለቀቀ። ዶማውን ከጎረምሳው ተቀበለና ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። ሊያግዙት ቢሉ ከለከላቸው። ከእግሩ በኩል መቆፈር ጀመረ፤ አንድ ይቆፍራል፣ ቀና ብሎ ያን ረጅም ሸመል ያያል፣ ደግሞ ይቆፍራል።

“አድጎ ኖሯል” ይል ነበር፣ ለማንም ሳይሆን። “ልጄ አድጎ ኖሯል።”