ሻለቃው ሳያዩት የማይደፈነው ቦይ

የሻለቃ ወንድይፍራውን ዕረፍት የሰማሁት ሜክሲኮ አደባባይ ለታክሲ ተሰልፌ ሳለ ነው። የደወለችልኝ ልጃቸው ትርሲት ናት። ጥቂት ታመው ማረፋቸውን፣ ቀብራቸውም በማግስቱ ልደታ ማርያም እንደሚፈጸም ነገረችኝ። ነፍስ ይማር አልኩ። ከልቤ ነበር ብዬ ግን አልዋሽም።

በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ እጅግ የተወደዱና የተከበሩ ነበሩ» ተባለ። በተከበሩ አልከራከርም። የተወደዱ የሚለው ግን ውሸት ነው። እኔ ባልደረባቸው ነበርኩ፤ የሚወዳቸው ሰው አላጋጠመኝም። በኋላ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ትርሲት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ጋሽ ፍቅሩ፣ ያነበቡት የአባባን ሕይወት አይደለም። እርስዎ አይወዱትም ነበር። እስቲ እርስዎ ይጻፉት» አለችኝ። ይህን የምጽፈው እሷ ስለጠየቀችኝ ነው፤ የሚያውቋቸውም ሁሉ እንዲያነቡት ነው።

ሻለቃ የመገናኛ መኮንን ነበሩ። ቢሯቸው እዚሁ ልደታ፣ ደረጃው የሚንቋቋ አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ ነበር። ወደ ጦር ካምፕ የሚገባ የስልክ መስመር፣ የሚቆም የአንቴና ምሰሶ፣ የሚቀበር ኬብል ሁሉ ያለ እሳቸው ፊርማ አይጀመርም፤ ሲያልቅም ያለ እሳቸው ፊርማ ሥራ ላይ አይውልም። እኔ ደግሞ ኬብሉን የሚቀብረው የሲቪል ቡድን ኃላፊ ነበርኩ። ስለዚህ የጉልምስና ዘመኔን ያሳለፍኩት የእሳቸውን በር ሳንኳኳ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ የማይለወጥ ሕግ ነበራቸው፤ «ዓይኔ ያላየው ቦይ አይደፈንም» ይላሉ። ሌላ ተቆጣጣሪ ዳር ቆሞ፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ፣ አይቶ ይሄዳል። እሳቸው ግን በተወለወለ ጫማቸው ቦዩ ውስጥ ይወርዱና ኬብሉን በእጃቸው እየዳበሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጓዛሉ። የጥልቀቱ መለኪያ የራሳቸው ቀበቶ ነው። የቦዩ አፍ ከቀበቷቸው ዘለበት ዝቅ ብሎ ከተገኘ «ገና ነው» ብለው ይወጣሉ። አጭር ሰው ስለነበሩ ሠራተኞቼ ፈጣሪን ያመሰግኑ ነበር።

አንድ ጊዜ ሲዘገዩብን ቀድመን ደፈንነው። ሲመጡ አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከኪሳቸው ቆሎ አወጡና «አትቸኩሉ፤ ምሳዬን ይዣለሁ» አሉን። ቆሏቸውን እየቆረጠሙ የደፈንነውን በሙሉ መልሰው አስቆፈሩን። ከአፈሩ ሥር በደንብ ያልተሸፈነ የኬብል መጋጠሚያ ተገኘ። ትክክል ነበሩ። ትክክል በመሆናቸው ደግሞ ይበልጥ ጠላኋቸው።

ደግነት አያውቁም ነበር ማለቴ አይደለም። ከሠራተኞቼ ብዙዎቹ ከወሎ የመጡ ሙስሊሞች ነበሩ። በረመዳን ጾም ወር ካምፑ በር ላይ ያለው ፍተሻ የማፍጠሪያ ሰዓታቸውን እንዳያሳልፍባቸው ሻለቃ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው ይፈትሹና ቶሎ ያሰናብቷቸው ነበር። ምስጋና ለመቀበል ግን አይቆሙም። ከሠራተኞቹ አንዱ ሸሪፍ «አላህ ይስጥልኝ ሻለቃ» ሲላቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉት ነበር።

አሁን ስለዚሁ ስለ ሸሪፍ ልንገራችሁ። የምጠላቸውም በእሱ ምክንያት ነው።

ክረምት ነበር። ከከተማው ወጣ ባለ አንድ ካምፕ ውስጥ ረጅም ቦይ ቆፍረን፣ ኬብሉን ዘርግተን ጨረስን። ሰማዩ ጠቁሯል፤ አፈሩ ደግሞ ውኃ ሲጠጣ የሚናድ ዓይነት ነው። ከካምፑ ስልክ ደወልኩላቸው። ወይ ዛሬውኑ ይምጡ፣ ወይ እንድንደፍን ይፍቀዱልን ብዬ ለመንኩ። ስብሰባ እንዳለባቸውና ነገ እንደሚመጡ ነገሩኝ። እንግዲያው ረዳትዎን ይላኩልን አልኩ። «በሰው ዓይን አልፈርምም» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ወረደ። ሸሪፍ የኬብሉን ጫፍ ውኃ እንዳይገባው ከፍ አድርጎ ለማሰር ወደ ቦዩ ወረደ። ጎንበስ ብሎ ሲያስር የቦዩ ግድግዳ ተንዶ እስከ ደረቱ ዋጠው። አካፋ እንዳያገኘው ፈርተን በእጃችን ቆፍረን አወጣነው። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እግሩን ግን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

በማግስቱ ሻለቃ እንዳሉት መጡ። እንደ ልማዳቸው ጭቃው ውስጥ ወርደው፣ ኬብሉን ዳብሰው፣ ወጥተው ፈረሙ። በዚያ ቀን ፈረሙ።

«የሸሪፍን እግርስ መጥተው ያዩታል?» አልኳቸው።

«አይቼዋለሁ» አሉ እጃቸውን እየጠረጉ። «ከሆስፒታል ነው የመጣሁት።»

«ይቅርታ ጠየቁት?»

መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ።

ጉዳዩ ሲጣራ አለቆቻቸው ጥፋቱን በሸሪፍ ላይ ለመደፍደፍ ፈልገው ነበር፤ ያልታዘዘውን ሲሠራ ነው የተጎዳው ተብሎ እንዲያልፍ። ሻለቃ ተነስተው «ክፍት እንዲያድር ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሠራተኛው ጥፋት የለበትም» አሉ። ከዚያ በኋላ ማዕረግ ሳይጨመርላቸው፣ ሻለቃ እንደሆኑ ጡረታ ወጡ። በቀብሩ ላይ «እጅግ የተወደዱ» እያሉ ካነበቡት ሰዎች መካከል ያን ቀን ፊታቸውን ያዞሩባቸው ነበሩ። እነሱንም አልወዳቸውም።

ይህ ሁሉ ለእሳቸው የሚነገር ክብር ነው፤ አልነፍጋቸውም። ነገር ግን ለአጣሪዎቹ ያሉትን ለሸሪፍ አላሉትም። ይቅርታ የምትለዋን አንዲት ቃል ከአፋቸው ለመስማት እኔ ስንት ዓመት ጠበቅሁ። ጡረታ ከወጡም በኋላ መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር አነሳባቸው ነበር። ባርኔጣቸውን አስተካክለው ይሄዳሉ። ሕጋቸውንም እስከ መጨረሻው የሥራ ቀናቸው አልለወጡም።

ሸሪፍ አሁን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለው። ለቀብሩ በክራንች መጣ። አስከሬኑ ወርዶ ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ሲያነሱ ከሰው መሃል ድምፁ ተሰማ።

«ቆይ፣ እንዳትደፍኑ። መጀመሪያ ይታይ።»

ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየው። ነገሩ የገባው ለእኔና ለትርሲት ብቻ ይመስለኛል። ሸሪፍ እስከ ጉድጓዱ አፋፍ ተጠጋ። በክራንቹ ተደግፎ ጎንበስ አለና ዳርና ዳሩን፣ ግራና ቀኙን ረጋ ብሎ ተመለከተ። ከዚያ ቀና ብሎ ለቆፋሪዎቹ «ደህና ነው፤ ይደፈን» አላቸው።

አፈሩ ተመለሰ። ስንወጣ ይቅር ብሏቸው እንደሆነ ጠየቅሁት። «እሱ የእኔና የሳቸው ነው፣ ጋሼ» አለኝና ወደ ታክሲው ሄደ።

ሻለቃ፣ እንግዲህ ልሰናበትዎ። በሕይወት ሳሉ አልወደድኩዎትም፤ ሞቱ ብዬም አልወድዎትም። ሐቀኛ ነበሩ፣ ፈሪ አልነበሩም፣ ሥራዎም ሁሉ እስካሁን ከመሬት ሥር ደህና ነው። አንዲት ቃል ግን ለአንድ ሰው ነፈጉ፤ አሁን ሊሏት አይችሉም። በሰው ዓይን አልፈርምም ይሉ ነበር። የመጨረሻው ጉድጓድዎ ግን እርስዎ ሳያዩት፣ በሸሪፍ ዓይን ታይቶ ተደፈነ።

እኔ ብሆን ኖሮ ሳላየው አስደፍነው ነበር። በሰላም ይረፉ።