እንግሊዛዊው ሽማግሌ «አፉ በሉኝ» ሲል

ይህ የሆነው አምና በበጋ፣ እዚሁ ከሚሴ በራሴ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ትልቅ ነገር አይደለም። ማንም አልተጎዳም፣ ማንም ከሞት አልተረፈም። ብርጭቆ ለማጠብ እጄን ውኃ ውስጥ በነከርኩ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል፤ ብጽፈው ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ወንድሜ ልናገር። ሰዒድ ታላቄ ነው። ልጆች ሳለን ከቤታችን ጀርባ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ እሱ እዚያ ፊልም ተርጓሚ ነበር። ማይክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጥና ፈረንጆቹ የሚሉትን በአማርኛ፣ ሲያሻው በኦሮምኛ ይናገርላቸዋል። እንግሊዝኛው ትምህርት ቤት ካገኛት አታልፍም። ያልገባውን ከራሱ ይጨምራል፤ እውነቱን ለመናገር አብዛኛው አይገባውም ነበር።

እኔ አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አላውቅም። ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ገባች ከተባለ የሰፈር አፍ አይቻልም። ሆኖም የቪዲዮ ቤቱ ቆርቆሮ የግቢያችን አጥር ስለነበር፣ ልብስ እያጠብኩ ስንቱን ፊልም በጆሮዬ ጨርሻለሁ። የማንንም መልክ አላውቅም፤ የሁሉም ድምፅ የወንድሜ ነበር።

በነዚያ ፊልሞች ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ አለ። አክተር አልነበረም። ቪዲዮ ቤት ውስጥ አክተር የሚባለው የማይሞተው ሰው ነው፤ ይሄ ግን አንዴ የሀብታም ቤት አሽከር፣ አንዴ ዳኛ፣ አንዴ ሐኪም ሆኖ ይመጣና ፊልሙ ሳያልቅ ይሞታል። ወንድሜ ወደደው። ክፍል ውስጥ ሲገባ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጀመዓ!» ያስብለዋል። ሊሞት ሲል ደግሞ «አፉ በሉኝ» ያስብለዋል።

አፉ መባባል የአገራችን ወግ ነው። መንገድ የሚወጣ ወይም የታመመ ሰው፣ ያስቀየምኳችሁ ካለ ይቅር በሉኝ ለማለት «አፉ በሉኝ» ይላል። የሚቀረው ደግሞ «አፉ ብያለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ» ብሎ ይሸኘዋል። ይህን ሳይባባሉ መለያየት እኛ ዘንድ ይከብዳል።

እናም እንግሊዛዊው ሽማግሌ በሞተ ቁጥር ቪዲዮ ቤቱ ሙሉ «አፉ ብለናል!» ይል ነበር። እኔም ከአጥሩ ወዲህ፣ እጄ አረፋ ውስጥ እንዳለ፣ «አፉ ብያለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ» እላለሁ። ሽማግሌውም በሰዒድ ድምፅ «እኔም አፉ ብያለሁ» ብሎ ይሞታል። ራት ላይ ሰዒድ ሳቁን አፍኖ «ዛሬም አንዲት ሴት በቆርቆሮ ቀዳዳ ለፈረንጅ አፉ ስትል ሰማሁ» ይለኛል። እኔ እናደዳለሁ፣ እናታችን ትስቃለች።

ከዓመታት በኋላ ሰው ሁሉ ስልክ ያዘና ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። ሰዒድ ሥራ ፍለጋ ሳዑዲ ሄደ። የሄደ ዕለት እኔ ለሻይ ቤቱ ዕቃ ልገዛ ባቲ ገበያ ነበርኩ። መኪና ድንገት ተገኘና ሳልደርስበት ወጣ። በስልክ እንባባላለን ብዬ ነበር። ግን በስልክ ሌላ ሌላው ይወራል፤ ደህና ነኝ እያለ ለሚስቅ ሰው ማን አፉ በለኝ ይላል?

አንድ ጠዋት ታሞ መሞቱን ደውለው ነገሩን። እዚያው ተቀበረ። እኛ ቤት ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ውኃ አቀርባለሁ፣ ሰሌን አነጥፋለሁ፣ የመጣውን አስተናግዳለሁ። እንባ የሚባል አልመጣልኝም። እናቴ «አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ» ትለኛለች። ምኑ ነው የሚወጣው? ውስጤ ባዶ ነበር። ዝም ብዬ ደንዝዤ ነበር።

በኋላ የባሰ መጣ። ድምፁ ጠፋኝ። በድምፅ የላከልኝ መልእክቶች የነበሩበት ስልክ ተበላሽቶ ሠሪ ሁሉ አይሆንም ብሎ መለሰልኝ። ያለኝን ነገር አስታውሳለሁ፣ ሲስቅ ትከሻው እንዴት እንደሚነቃነቅ አስታውሳለሁ፤ ድምፁ ግን እምቢ አለ። አፉ ሳንባባል መሄዱ ሳያንስ ድምፁንም ይዞት ሄደ ብዬ በልቤ ከሰስኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ያ አምና ያልኩት ቀን፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ሦስት የባጃጅ ሾፌሮች ሻይ እየጠጡ ነበር። የዚያ ቪዲዮ ቤት ልጆች ናቸው፤ ዛሬ ሁሉም የልጆች አባት ሆነዋል። ጀማል የሚባለው ስልኩን ሲያይ ቆይቶ ድንገት «ኢና ሊላሂ! ሽማግሌው ሞተ» አለ።

የሰፈራችን ሽማግሌ መስሎኝ ደንግጬ «የቱ ሽማግሌ?» አልኩት።

«የፊልሙ ነዋ፣ እቴ ዘሀራ! እንግሊዙ!» ብሎ ስልኩን ወደ እኔ አዞረ።

መልኩን ያየሁት ያኔ ነው። ረጅም ፊት፣ ትልልቅ ጆሮ፣ የደከመ ዓይን። ወንድሜን ይመስላል ብዬ ስጠብቅ ኖሬ መሰለኝ፤ ቅር አለኝ።

ሦስቱም ሻያቸውን ትተው ሟቹን ያነሱ ጀመር።

«ሰላምታ ሳይሰጥ ሰው ቤት ገብቶ አያውቅም እኮ» አለ ሙሄ የሚባለው። «ሌሎቹ ፈረንጆች በር ሰብረው ነው የሚገቡት።»

«ዱጉማ! እውነትህን ነው» አለ ሦስተኛው ይማም። «አደብ ያለው ሰው ነበር። እኔስ ሳስበው እስላም ነው።»

«አፉ ሳይል ሞቶ አያውቅም» አለ ጀማል። «ዛሬም ብሎ ነው የሚሆነው።»

ምንም ቀልድ አልነበረበትም። አምነው ነው የሚያወሩት። ሽማግሌው ይህን አንዱንም አላለውም፣ ሁሉንም ያለው ወንድሜ ነው ልላቸው እችል ነበር። አላልኩም። ጀርባዬን ሰጥቼ ብርጭቆ ማጠቤን ቀጠልኩ።

ይሄኔ ጀማል ተነሣ መሰለኝ፣ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ጉሮሮውን ጠራረገ። ከዚያ፣ ድካም ባለበት፣ መጨረሻው በሚጎተት ድምፅ፣ «ጀመዓ፣ እንግዲህ እኔ መሄዴ ነው። አፉ በሉኝ» አለ።

የሰዒድ ድምፅ ነበር። ራሱ። «ጀመዓ» ሲል የሚጎትታት ነገር፣ «አፉ» ከማለቱ በፊት የሚውጣት ምራቅ ሳትቀር።

ሙሄና ይማም እንደ ልጅነታቸው አንድ ላይ «አፉ ብለናል!» አሉ።

የኔ አፍም ሳላዘው ተከፈተ። እጄ አረፋ ውስጥ እንዳለ «አፉ ብያለሁ። አንተም አፉ በለኝ» አልኩ።

ጀማል በልጅነታቸው የለመዱትን ይጨርስ ነበርና «እኔም አፉ ብያለሁ» ብሎ አንገቱን ደፋ። ሁለቱ ሳቁ። ስዞር ጀማል ማንኪያውን እንደ ማይክ አፉ ላይ እንደያዘ ነው። አየኝ። ሳቁ ቆመ። ማንን ሲያስመስል እንደነበር ያኔ ነው የገባው።

«እቴ ዘሀራ…» አለ ማንኪያውን እያስቀመጠ። «ወላሂ፣ የሰዒድ መሆኑን ረስቼው ነው።»

«ሻይ ልድገማችሁ?» አልኩ።

ድገሚን አሉ። ቀዳሁላቸው። ጠጥተው ወጡ። ጀማል ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ ዞሮ አየኝና ሄደ።

ቤት ስገባ ለእናቴ ነገርኳት። መስገጃዋ ላይ ተቀምጣ የመስበሐዋን ፍሬ እየቆጠረች ሰማችኝ። 

«አፉ አለሽ?» አለችኝ።

«አለኝ።»

«አንቺስ አልሽው?»

«አልኩት።»

«አልሐምዱሊላህ» ብላ አለቀሰች። በጀማል አፍ ነው ወይ፣ በፈረንጅ ነው ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም።

እስከ ዛሬም አላለቀስኩም፤ የመደንዘዙ ነገር እንዳለ ነው። ድምፁ ግን ተመልሶልኛል። ብርጭቆ ሳጥብ ይመጣል፣ ስጨርስ ይሄዳል። ከስሼው የነበረውንም ትቼዋለሁ።

የሽማግሌው አገር ሰዎች ያኔ በፌስቡክ ብዙ ጽፈውለት ነበር አሉ። ደግ ሰው ነበር፣ ትሑት ነበር ብለው። ይሆናል። ነፍሱን ይማር፤ ሳያውቀን ባለውለታችን ሆኗል።

በቀደም ጀማል መጥቶ «የሽማግሌውን የራሱን ድምፅ ስልኬ ላይ አግኝቼዋለሁ፣ ላሰማሽ» አለኝ። ሊጫነው ጣቱን ሲዘረጋ ስልኩን በእርጥብ እጄ ሸፈንኩበት።

«ተወው» አልኩት። «ድምፁን አውቀዋለሁ።»