መጀመሪያ ምስሉ ይምጣ

እህቴ ሞታ ሳምንቷ ሳይወጣ የአሠሪዋ ሚስት ስልክ ደወለችልኝ። «ና» አለች። «ቤት ና።» ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ ለምን ብዬ እኔም አልጠየቅሁም። ሰው ሞቶብህ ና ስትባል ለምን ትላለህ? ለለቅሶ ነው እንጂ።

እህቴ ዓረብ አገር በቪዛ የመጣች ናት። ጂዛን ውስጥ አቡ ዓሪሽ የሚባል ከተማ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። እኔ በየመን በኩል ያለ ወረቀት የገባሁ ነኝ፤ ሳብያ አንድ እርሻ ዳር ከወሎ ሰዎች ጋር ክፍል ይዤ የቀን ሥራ እሠራለሁ። አንድ ወቅት ለአንድ የመናዊ ዲሽ ሠሪ መሰላል ስይዝ ከርሜ ከሥራው ትንሽ ተምሬያለሁ። ይህን ለእህቴ በስልክ ነግሬያት ነበር። ደስ ብሏት ነበር።

ትኩሳት ነው የገደላት። ሐኪም ቤት የወሰዷት መናገር ካቆመች በኋላ ነው። ሬሳዋ ወደ ጅዳ ተላከ ተባለ። እዚያው ተቀበረች ተባለ። ሁሉም ተባለ ነው። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ሄዶ በዓይኑ አያይም።

ለእናቴ የነገርኋት እኔ ነኝ። በስልክ አላለቀሰችም። «ሬሳ ከሌለ ልብሷን ላክልኝ» አለች። «ባዶ እጄን ምን ይዤ ላልቅስ?» በእኛ አገር ሰው በሩቅ ሲሞት ልብሱ ተዘርግቶ ነው የሚለቀሰው። ልብስ ከሌለ ለቅሶው አይወጣም። ጎረቤት ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ግን ወደ ምን ዞሮ ያለቅሳል? ስለዚህ ስልኩ ሲደወል ተነሣሁ። ልብሷን ይዤ ልመለስ።

ክፍላችን ውስጥ እንደ አባት የምናየው አንድ የወሎ ሙስሊም ሰውዬ ነበር። «አብሽር፣ አይዞህ» አለኝ። «ከጠሩህ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ብቻ እዚያ ገብተህ እንዳትጮህ፤ እነሱ ዘንድ ሙሾ የለም። ቁጭ በል፣ ልብሷን ተቀበል፣ አመስግነህ ውጣ።» ለከብት የሚሆን አገዳ የሚጭን ፒካፕ ፈልጎ አሳፈረኝ። ያኔ ወረቀት የሌለው ሰው በየመንገዱ የሚታደንበት ጊዜ ነበር። ከአገዳው ሥር ተኛሁ። የእህቴን ለቅሶ ለመድረስ እንደተሰረቀ ፍየል ተሸፍኜ ሄድሁ። መንገዱን ሙሉ አሠሪዎቿን ስረግማቸው ነበር።

ቤቱ ስገባ ጸጥ ብሏል። ሰውዬው ፉጣውን አገልድሞ ምንጣፉ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ሚስቱ ከውስጠኛው በር ጀርባ ናት፤ ድምጿ ብቻ ይሰማል። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ። ጠፍቷል። ላዩ ላይ ጨርቅ ተጥሎበታል።

እዚያ ቆሜ ልቤ ተሰበረ። የእነዚያን ሰዎች ቤት አውቀዋለሁ፤ ከየመናዊው ጋር ብዙ ቤት ገብቻለሁ። የሚያይ ሰው ባይኖር እንኳ ቴሌቪዥን አይዘጋም። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሐዘን ያለበት ቤት ሬዲዮ አይከፈትም። ቴሌቪዥን ያለው ሰው ነጠላም አንሶላም ያለብሰዋል፤ አርባው ሳይወጣ አይገልጠውም። ለእሷ ብለው ነው የዘጉት አልሁ በልቤ። እንባዬ መጣ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ በተሰባበረ ዓረብኛዬ አመሰገንኋቸው። ለእህቴ ብላችሁ ቴሌቪዥኑን ስለዘጋችሁ እግዜር ይስጥልኝ አልሁ።

ሰውዬው ወደ በሩ ዞር ብሎ ሚስቱን ፈለገ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ።

«ለማን?»

«ለእህቴ።»

«ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ዲሹ ተበላሽቶ ነው» አለ። «እህትህ ወንድሜ ዲሽ ይሠራል ትለን ነበር። ያላ፣ ውጣና እየው።»

ጨርቁን የጣሉት ለአቧራ ነው።

ያን ምስጋና እስካሁን መልሼ ልወስደው እፈልጋለሁ። ብዙ ነገር ተወስዶብኛል፤ እሱን ግን በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት። ላልሠሩት ነገር። ሚስቱ ከበሩ ጀርባ ስትስቅ ሰማሁ። ክፋት የነበረበት ሳቅ አልነበረም። አንድ የማይገባ ነገር የተናገረ ሰው ላይ እንደሚሳቅ ነው የሳቀችው።

የመጣሁት ለልብሷ ነው አልሁት። እናቴ እንደምትፈልገው፣ ለቅሶው ያለ ልብስ እንደማይሆን ለማስረዳት ሞከርሁ። ዓረብኛዬ አልበቃኝም።

«መጀመሪያ ምስሉ ይምጣ» አለኝ። «ማታ እንግዳ አለኝ፣ ኳስ አለ። ልብስ የትም አይሄድም።»

ክፍላችን ያሉ ልጆች በኋላ ለምን ጥለህ አልወጣህም አሉኝ። ወዴት ልውጣ? ልብሷ ያለው እዚያ ቤት ነው። ሰውዬው ስልክ ቢያነሣ ደግሞ የማድረው እስር ቤት ነው። ሠራሁለት።

ሪሲቨሩን ከፈትሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት መስመር ይታያል፤ አንዱ የሲግናሉ ኃይል ነው፣ አንዱ ጥራቱ። ዲሽ ሲዞር ጥራቱ ብቻ ይሞታል፣ ኃይሉ ይቀራል። እዚህ ግን ሁለቱም አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይወድቃሉ። ችግሩ ገመዱ ላይ ነው አልሁት። እሱ ነፋስ ነው ያዞረው ብሎ ድርቅ አለ። ወጥተህ ዲሹን አዙረው አለኝ። እሺ ብዬ ወደ ሰገነቱ ወጣሁ።

የእሷ ክፍል እዚያ ላይ ነበር። ከውኃ ታንከሩ አጠገብ፣ ቆርቆሮ ጣራ። እንደዚያ ያለ ሙቀት ባለበት አገር ቆርቆሮ ሥር ነው ያስተኟት። በሩ ክፍት ነው። ውስጡ ባዶ፣ ተጠርጓል፤ ፍራሽ እንኳ የለም። ልብሷን ሰብስበው ታች አስቀምጠውልኝ ነው አልሁ። እንደገና ደግ አሰብሁላቸው።

ዲሹን አየሁት። ብሎኖቹ ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል፤ የተነቃነቀ ነገር የለም። ነፋስም ሰውም አላዞረውም። ገመዱን በእጄ እየዳሰስሁ ተከተልሁት። ከዲሹ እግር አጠገብ የተቀጠለበት ቦታ አለ። የጂዛን አየር ከባሕሩ ጨው ይዞ ነው የሚመጣው፤ የተገለጠ ሽቦ ይበላል። ቅጥሉ በጨርቅ ታስሯል።

መቀነት ነው። የመቀነት ጫፍ፣ ተቀድዶ። ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ። እናቴ ፈትላ፣ ሠፈራችን ያለው ሸማኔ ሠርቶት፣ እህቴ ስትሄድ ወገቧ ላይ ያሰረችላት ነው። ቋጠሮውንም አወቅሁት። ሁለት ጊዜ ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ ይደበቃል። የእናታችን አስተሳሰር ነው።

ሰውዬው ምን ላይ ደረስህ ብሎ ደረጃው ላይ ብቅ ሲል ይህን ማን አሰረው አልሁት።

«እሷ ናት» አለ። «ምስሉ በጠፋ ቁጥር የምትወጣው እሷ ነበረች። ታማም ወጥታ አሰረችልን። ጎበዝ ልጅ ነበረች።»

ሊያመሰግናት ነው እንዲህ ያለው። እኔን የሚያቃጥለኝ ይኸ ነው። ቢሰድባት ይሻለኝ ነበር። ትኩሳት የያዛትን ልጅ በዚያ ፀሐይ ሰገነት ላይ አውጥተዋት፣ በየሱቁ የሚገኝ ፕላስተር የሚያቀብላት ጠፍቶ፣ ከወገቧ ፈትታ ቀድዳ አሰረች። ምስሉ እንዳይቆረጥባቸው። ሐኪም ቤት ለመውሰድ ያልሮጡት ሰዎች ምስሉ ሲቆረጥ ይጠሯት ነበር።

ያበላሸውም እሱ ጨርቅ ነበር። ጥጥ ነው፤ እርጥበቱን ጠጥቶ ይዞታል። ሥሩ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኗል። ምስሉ እንዲመጣ እሱ መነሣት አለበት። ቋጠሮውን ልፈታው እጄ እምቢ አለኝ። በሌላው ጎን በቢላ ቆረጥሁት፤ ቋጠሮው እንዳለ ወጣ። ኪሴ ከተትሁት። የተበላውን መዳብ ቆርጬ ጣልሁ፣ አዲስ ላጥሁ፣ ቀጠልሁ። ሚስትየዋ ከታች ሆና እያየች ትነግረኛለች።

«ማፊ» አለች። የለም ማለቷ ነው። ሽቦውን ጠበቅ አደረግሁ። «ማፊ... ማፊ...» ከዚያ «ፊ፣ ፊ» አለች። የማስታወቂያ ዘፈን በደረጃው ወደ ላይ መጣ። የእህቴ አርባ ሳይወጣ የሞተችበትን ቤት ቴሌቪዥን የከፈትሁት እኔ ነኝ።

ቅጥሉ እንደዚያ አይተውም፣ በጎማ ፕላስተር ይጠቀለላል። ፕላስተሩ ታች በር ላይ የተውሁት ቦርሳ ውስጥ ነበር። ላመጣው ወረድሁ። ወርጄም ልብሷን ጠየቅሁ።

ሰውዬው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም። የመለሰችልኝ ሚስቱ ናት፣ ከበሩ ጀርባ። በሽታ እንዳይኖርበት ብለው ሻንጣውንም ፍራሹንም በሞተች ማግሥት ጥለውታል። የቆሻሻ መኪና ወስዶታል። ይህን ያለችኝ የቆየ እንጀራ ጣልን እንደሚሉ ነው። እሱ ግን ልብስ የትም አይሄድም ብሎኝ ነበር። ያን ሲለኝ ልብሷ ተጥሎ ቀናት አልፈዋል።

«ልብሷ የትም አይሄድም አላልከኝም ነበር?» አልሁት።

«ኸላስ» አለ። «ያለቀ ነገር ነው። አንተ ጨረስክ?»

ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነው። ፕላስተሩ ውስጡ ነው። አነሣሁትና አንገቴ ላይ አጠለቅሁት።

«ጨርሻለሁ፣ ዓሚ» አልሁት፣ እንደ አጎት አክብሬ። ወጣሁ።

ከወራት በኋላ ሳብያ ላይ ተያዝሁና ወደ አገር ተመለስሁ። ያመጣሁት ያንን ቋጠሮ ብቻ ነው። እናቴ ሰሌን አንጥፋ ጎረቤት ጠርታ ስትጠብቅ ከኪሴ አውጥቼ ሰሌኑ ላይ አስቀመጥሁት። የመዳፍ ያህል አይሞላም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አክስቴ አረንጓዴው ምንድን ነው፣ ልጠበው ወይ አለች። እናቴ ቀድማ አነሣችው። ቋጠሮውን በጣቷ ዳሰሰችው፤ አልፈታችውም። የት እንዳገኘሁት ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኋት፤ ዲሹን፣ ትኩሳቱን፣ ሻንጣውን።

«ታዲያ ቴሌቪዥኑ ሠራላቸው?» አለችኝ።

«ያን ጊዜ ሠርቷል፣ እማዬ። ሽቦውን ሳልሸፍነው ነው የመጣሁት። አሁን ጠፍቶ ይሆናል።»

«ይጥፋ» አለች።

ከዚያ ነው ያለቀሰችው።