ገበያዬን የወሰዱብኝ ትንንሽ ላፕቶፖች

ጋይንት ውስጥ አርብ ገበያ በምትባል ከተማ የኮምፒውተር ቤት ስከፍት እንጀራዬ ዊንዶውስ መጫን ነበር። ፎቶ ኮፒውና ጽሕፈቱ ለቤት ኪራይ ያህል ነው። አርብ በመጣ ቁጥር ከአጎራባቾቹ ወረዳዎች ከስማዳም ከእስቴም መምህሩ፣ ነርሱ፣ የቀበሌ ጸሐፊው ትልቅ አሮጌ ላፕቶፑን እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ ይመጣና "እህቴ፣ ዊንዶውሱ ሞተብኝ" ይለኛል። ፊቴን ቋጠር አድርጌ "ለዘጠኝ ሰዓት ተመለስ" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ኮምፒውተሩ ራሱ ሲጭን እኔ ምሳዬን እበላ ነበር። ቢሆንም ሲስተም የሌለው ላፕቶፕ ማለት ክዳን ያለው ጣውላ ነው፤ ጣውላውን የማስነሣው እኔ ነኝ ብዬ እኮራለሁ።

ከዚያ ትንንሾቹ መጡ። አንድ ነጋዴ ከባሕር ዳር በካርቶን አምጥቶ ከጨው ተራ አጠገብ ዘረጋቸው። መጠናቸው የጸሎት መጽሐፍ ቢያክል ነው፤ ዋጋቸው ከአንድ ሙክት አይበልጥም። የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል በነጻ በሚገኝ ሲስተም ነው፤ አብሯቸው ተጭኖ ይመጣል። በእነሱ ላይ ዊንዶውስ ላስጭን ያለ ሰው በሕጋዊው ዋጋ ቢገዛ ሌላ ላፕቶፕ እንደመግዛት ነው። ሰዉ ገዛ፣ ከፈተ፣ መጻፍ ጀመረ። በደጄ የሚያልፈውን "ና ልጫንልህ" ስለው "ኧረ ይሠራል! ምኑን ነው የምትጭኝልኝ?" ብሎ ይስቅብኛል። ሁለት ወር ሳይሞላ የደንበኛ ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ዝንብ ብቻ ሆነ።

ቁጡ ነኝ፤ ስቆጣ ደግሞ ምላሴ ይቀድመኛል። "ይኼ የነጻው ሲስተም አንድ ቀን የጻፋችሁትን ሁሉ ጠራርጎ ያጠፋዋል" ማለት ጀመርኩ። ሐሰት መሆኑን ዐውቃለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን እስኪነጋ ድረስ ጥቂት ዊንዶውስ ብሸጥ ምን አለበት አልኩ። ዓመቱን እንዲህ እያልኩ ከረምኩ። እውነትም ጥቂት ሰው እየፈራ ተመለሰልኝ።

አንድ አርብ ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ የዜማ መምህር ከጋይንቱ የዜማ ጉባኤ ቤት ከቤተ ልሔም በእግራቸው መጡ። መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደገፉና ከጋቢያቸው ሥር አንዷን ትንሽ ላፕቶፕ አወጡ። አቧራ እንዳይነካት በነጭ ሻሽ ጠቅልለዋታል።

"ልጄ፣ ይች ዕቃ ታጠፋለች አሉኝ። ዓመት ሙሉ የለፋሁባት ዜማ አለ፤ ለተማሪዎቼ ነው። ሳትቀድመኝ ያንችን ጫኝልኝ።"

"እሺ የኔታ፣ ይቀመጡ" አልኳቸው። የኔን ለመጫን በውስጧ ያለውን ሁሉ መጥረግ ነበረብኝ። አጥፊዋስ እኔው ነበርኩ። ጽሑፋቸውን አስቀድሜ ፍላሽ ላይ ላውጣ ብዬ ከፈትኩት፤ እጄን በአፌ ጫንኩ። ግእዙ መስመር በመስመር ተደርድሯል፤ በየፊደሉ ራስና ግርጌ የዜማው ምልክት፣ ደረቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ፣ ሳይዛነፍ ተቀምጧል። እኔን አንድ ቄስ እንዲህ ያለውን ጻፊልኝ ሲሉኝ "በኮምፒውተር አይቻልም" ብዬ የመለስኳቸው በዚያው ወንበር ላይ ነው።

"ምልክቱን እንዴት ጻፉት የኔታ?"

"አብሯት የመጣ ነው። በነጻ ነው አሉኝ። ዋጋ ሳይጠይቅ እንዲህ የሚደክም ማነው? እስቲ ፈልጊልኝ።"

ዓመት ሙሉ ስሰድበው የከረምኩትን ሲስተም ውስጡን አይቼው አላውቅም ነበር። ፈቃዱ የተጻፈበትን ገጽ አገኘሁና ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። የፈለገ ይጠቀምበት፤ ውስጡን ገልጦ ይመልከት፤ ስሕተት ቢያገኝ ያርም፤ ቀድቶ ለሌላው ይስጥ፤ ለእሱ የተፈቀደውን ግን ለሚቀጥለው አይከልክል ይላል።

"ይኼማ የኛው ሥርዓት ነው" አሉ የኔታ። "ተማሪው የመምህሩን መጽሐፍ በፈቃድ ይቀዳል። መምህሩ ያርምለታል። እሱም በተራው አይከለክልም። የማን ጉባኤ ቤት ነው ይኼ?"

"ቤት የለውም የኔታ። በየአገሩ የተበተነ ሰው ነው።"

"አንችስ የምትጭኝውን እንዲሁ ፈቅደውልሽ ትቀጃለሽ ማለት ነዋ! ተባረኪ ልጄ።"

ምርቃት እንደዚያን ቀን አቃጥሎኝ አያውቅም። አንድ ዊንዶውስ ገዝቼ ለስንቱ ሰው ስቀዳው እንደኖርኩ የማውቅ እኔ ነኝ። ጎንበስ ብዬ ማውዙን ነካካሁ።

"የደከሙት ሰዎች ስማቸው ተጽፏል?"

"ተጽፏል፣ ግን ብዙ ነው የኔታ። ቢነበብ አያልቅም።"

"አንብቢልኝ" አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ቆሙ።

እሳቸው ቆመው እኔ ልቀመጥ? ተነሥቼ ማንበብ ያዝኩ። የፈረንጅ ስም፣ የሕንድ ስም፣ የቻይና ስም፤ ምላሴ ይደናቀፋል። እሳቸው በየስሙ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ድንገት መሐል ላይ ያገራችን ሰው ስም መጣ፤ የግእዙን ፊደል ካዘጋጁት አንዱ ነው። የኔታ "እሰይ!" አሉ። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ በአካል አይተዋወቁም፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው አርሞታል። ጋይንት የሚባል አገር መኖሩንም አልሰሙም። ድካማቸው ግን በአንድ ሽማግሌ ጋቢ ሥር ሆኖ አቀበቱን ወጥቷል። መደነቅ እንደሚያስፈራ ያን ቀን ዐወቅኩ።

ይህን ጊዜ ቤቱ ሰው ይዟል። ፎቶ ኮፒ ፈልገው የመጡ ሁለት ሴቶች አሉ፤ ወሬዬን ሰምቶ ትንሽ ላፕቶፑ ላይ ዊንዶውስ ሊያስጭን የመጣ አንድ የእስቴ መምህርም አለ። የኔታ መቆማቸውን አይተው ምን እንደሆነ ሳያውቁ እነሱም ቆመዋል። አንዱ ስም ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

"የኔታ፣ ዋሽቻለሁ" አልኩ። "አታጠፋም። ገበያዬን ስለወሰደችብኝ ነው እንደዚያ ያልኩት። የምጭነውንም እንድቀዳው ማንም አልፈቀደልኝም።"

ሁሉም ሰማ። ከዚህ በኋላ በዚያ ገበያ ዊንዶውስ የሚያስጭነኝ ሰው እንደማይኖር ገባኝ። የኔታ አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ውሸትሽ ባያስመጣኝ ይኼን ሁሉ ስም መቼ እሰማ ነበር?" አሉኝ። "በይ ቀጥይ፣ ገና ነሽ።"

ቀጠልኩ። የእስቴው መምህር ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ወደ ቦርሳው መለሳት። የዕለቱ ገበያዬ እሱ ብቻ ነበር። ግን አልሄደም፤ ባርኔጣውን አውልቆ እስክጨርስ ቆመ።