ያልቀመሰችው ነጭ አዝሙድ

የእናቴ ሆድ ምግብ አልፈጭ ካለ ሰነባብቶ ነበር። የበላችው ሁሉ ይነፋታል። ኮሶውም ፌጦውም ተሞክሮ የቀራት አጥንቷ ብቻ ነው። ያቺ ጮክ ስትል ግማሽ አራዳ የሚሰማት ሴትዮ አልጋ ላይ ተጣብቃ "ተይኝ ልጄ" ትለኛለች። በዚህ ከቀጠለ እንደማትተርፍ ገብቶኛል።

አንድ ቀን ጠዋት የጎረቤታችን የህንዱ ነጋዴ ሚስት በናስ ሳህን ትኩስ ምግብ ይዛ መጣች። ባሏ ጓሮአችንን ለዕቃ ማከማቻ ካልተከራየሁ ብሎ ስንት ጊዜ ደጅ ቢጠና፣ እናቴ "እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም" ብላ መልሳዋለች። እንግዲህ እናቴ ስትታመም ሚስቲቱ ምግብ ተሸክማ ከች! እኔን ማን ሞኝ አደረገኝ?

ክዳኑን ገለጥኩት። ሩዝና ምስር አንድ ላይ ተቀቅሎ፣ በእርድ ቢጫ ሆኖ፣ ላዩ ላይ በቅቤ የተቁላላ ነጭ አዝሙድ ፈሶበታል። ቅቤ ስናነጥር የምንጨምረው ያው የጓዳችን ነጭ አዝሙድ ነው። ይሄ ደግሞ ይባስ አስጠረጠረኝ። የሌላ ነገር ሽታ ሊሸፍኑበት ካልሆነ፣ የኛኑ ቅመም ለኛ ምን አመጣው?

"በይ ቅመሺ" አልኳት። ያመጣው ሰው ሳይቀምስለት ማን አፉ ያስገባል? ሴትዮዋ ግን እጇን ሰብስባ ራሷን ነቀነቀች። አማርኛ አይገባት እንደሆነ ብዬ አፌን በጣቴ እያሳየሁ ደገምኩላት። ወይ ፍንክች!

"አሃ! ያዝኩሽ!" አልኩና ሳህኑን መልሼ አስታቀፍኳት። እናቴ ከአልጋዋ ሆና "ምንድን ነው እንዲህ የሸተተኝ? እስቲ አምጪው" ትላለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ምግብ አማራት! "ሞቼ ነው እማዬ!" ብዬ በሩን ዘጋሁት።

ብዙም ሳይቆይ ባልየው ራሱ ሳህኑን ይዞ ደጃፋችን ቆመ። በአገራቸው አስቀድሞ የተቀመሰ ምግብ እንደረከሰ ይቆጠራል፣ ለሰው አይሰጥም ብሎ በተሰባበረ አማርኛው አስረዳኝ። ነጭ አዝሙዱም አዩርቬዳ በሚሉት የጥንት ሕክምናቸው ምግብ የሚፈጨውን የሆድ እሳት ይቀሰቅሳል ተብሎ ከምግብ ጋር የሚበስል ነው አለ።

"ጓሮውስ?" አልኩት ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

"ጓሮ ይቅር። እናት ይብላ።"

አላመንኩትም። እናቴ ግን "ከዚህ በላይ ምን ያደርጉኛል?" ብላ እጇን ዘረጋች። እንግዲያው አብረን እንሙት ብዬ ቀድሜ እኔው ጎረስኩና አጎረስኳት። ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን ሳዳምጥ ዋልኩ። አመሻሹ ላይ ድንገት አገሳችና "እፎይ!" አለች።

እንደዚያም ሆኖ ልቤ አልረጋም። ሴትዮዋ ሳህን ይዛ በመጣች ቁጥር እዚያው ፊት ለፊቷ እቀምሰዋለሁ፣ ለእናቴ የማቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ በእግሯ እስክትቆም ድረስ ዓይኔን ከሴትዮዋ እጅ አልነቀልኩም።

በኋላ ሴትዮዋ ወለደች። እናቴ በገዛ እጇ አጥሚት አፍልታ በኩባያ አስያዘችኝ። አራሷ ፊት እንደ ልማዴ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። ባሏ ስለተቀመሰ ምግብ የነገረኝ ትዝ ያለኝ ከዋጥኩት በኋላ ነው። ክው አልኩ። ባልየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይዤው ልመለስ ስነሳ እሷ ኩባያውን ከእጄ ወሰደችና አንዲት ጠብታ ሳታስቀር ጠጣችው።