መርፌ የበየደችው ጀልባ

ሰውነቷ ቀጭን፣ ምላሷ የሚወጋ ስለሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ «መርፌ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት አጎቷ ናቸው። በኋላ ልብስ ሰፊ ስትሆን ሰዉ ሁሉ ከሙያዋ የመጣ ስም መሰለው፤ እሷም አላረመችም። «ስሜ ቀድሞኝ ሥራ ይዞ ነው የጠበቀኝ» ትላለች።

ስፌት ያስተማረቻት አክስቷ ናት። አክስቷ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና ነበረቻት፤ መርፌ እግሯ ፔዳሉ ላይ በቅጡ ሳይደርስ ጀምሮ ከዚያች መኪና ሥር አትጠፋም ነበር። አድጋ የራሷን መኪና ከገዛች በኋላ የሰፈሩ የተማሪ ዩኒፎርም፣ መጋረጃና የትራስ ልብስ በእጇ አለፈ። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። «እኛ ቤት እንጀራ የሚገባው በእግር ነው፤ እኔ ነዳጅ እረግጣለሁ፣ አንቺ ጨርቅ ታስሮጫለሽ» እያለ ይቀልዳል።

ኋላ ላይ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ በጭነት መኪና እየተጫነ መጥቶ ገበያውን ሞላው። ጨርቅ ገዝቶ፣ ተለክቶ፣ ቀጠሮ ጠብቆ ሸሚዝ የሚያሰፋ ሰው ጠፋ። የድሮ ደንበኞቿ መንገድ ላይ ሲያገኟት አንገቷን አቅፈው ይስሟታል፤ የለበሱት ግን የሌላ ሰው ስፌት ነው። አንድ ቀን ከውጭ ስትመለስ ባሏ የስፌት መኪናዋ ላይ የአበባ ማሰሮ አስቀምጦ አገኘች። ክፋት አስቦ አልነበረም፤ ቦታው ባዶ መስሎት ነው። እሷ ግን የዚያን ቀን ምሳ አልበላ አላት።

በዚያው ሰሞን ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ብቅ አለ። ከከተማው ሐይቅ ዳር ብየዳ ቤት አለው።

«እቴ፣ የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፋልኝ ሰው አጣሁ» አላት። «ጥግ ላይ ቦታ አለሽ፤ መኪናሽን ይዘሽ ነይ።»

«ብረት ስፊ የሚል ካልመጣብኝ እመጣለሁ» አለችው። ማሰሮውን አንስታ መስኮት ላይ አስቀመጠችና በማግስቱ ሄደች።

ብየዳ ቤቱ ወለሉ በብረት ብናኝ የጠቆረ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። አንጋፋው በያጅ «ጋሽ ብልጭታ» ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በር፣ መስኮትና የጭነት መኪና አካል ሲበይዱ የኖሩ፣ እጃቸው እንደ ጉጠት የጠነከረ ሰው ናቸው። መርፌ ከተቀመጠችበት ጥግ ትይዩ ደግሞ ሸራ የለበሰ አንድ ትልቅ ሣጥን ነበረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የዋርሳሽ ጉድ ነው» አሉ ጋሽ ብልጭታ።

ነገሩ የአርጎን ብየዳ ማሽን ነበር። ዋርሳዋ አንድ ፋብሪካ ሲዘጋ ገዝቶ አመጣው። በተራው ብየዳ እሺ የማይለውን አሉሚኒየምና ስቴንለስ የሚበይድ ነው። ፊቱ ማዞሪያ በማዞሪያ ነው፤ ከጎኑ የጋዝ ሲሊንደር፣ ከሥሩ በገመድ የተያያዘ የእግር ፔዳል አለው። ጋሽ ብልጭታ እንደመጣ ሞክረውት ነበር። በዚያ ወፍራም ቦት ጫማቸው ፔዳሉን ቢረግጡት የአሉሚኒየሙ ቁራጭ ቀልጦ ወለሉ ላይ ጠብ አለ። ደግመው ሲሞክሩ ደግሞ እሳቱ የሚወጣባት ቀጭን የተንግስተን ዘንግ ብረቱን ነክታ ተጣበቀች። «በሽተኛ ማሽን ነው» አሉና ሸራውን አለበሱት። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።

ዋርሳዋ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በተዘጋው ፋብሪካ በዚህ ማሽን ይሠራ የነበረውን ቴክኒሽያን ፈልጎ አንድ ቀን ለምኖ አመጣው። ሠራተኞቹ ከበቡ፤ ጋሽ ብልጭታ እጃቸውን አጣጥፈው ራቅ ብለው ቆሙ፤ መርፌም የጀመረችውን የወንበር ልብስ ትታ መጣች።

ቴክኒሽያኑ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። እያንዳንዷን ማዞሪያ በጣቱ እየነካ አስረዳ። «መጀመሪያ ይቺን ተመልከቱ። አሉሚኒየም ከሆነ ኤሲ ላይ፣ ብረትና ስቴንለስ ከሆነ ዲሲ ላይ። እዚህ ላይ ከተሳሳታችሁ ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ይቺ ማጽጃዋ ናት። አሉሚኒየም ላዩ ላይ ዓይን የማያየው ቅርፊት አለው፤ ኤሌክትሪኩ እሱን ይልጥልናል። ካነሰች ቆሻሻው ይቀራል፣ ከበዛች የተንግስተኗ ጫፍ ይቀልጣል። ይቺ ደግሞ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጋዙ ምን ያህል እንደሚቆይ የምትወስን ናት። የጋለ ብየዳ እንደ አራስ ነው፤ ንፋስ አይወድም፤ ጋዙ እስኪያበቃ ቶርቹን፣ ይቺን እሳት የምትተፋ እጀታ፣ ከላዩ አታንሱ።»

«ትልቋስ?» አለች መርፌ።

«የአምፒሯ ናት። የእሳቱን ጣሪያ ትሰጣለች። ከጣሪያው በታች ያለውን የሚወስነው ግን እግራችሁ ነው። ፔዳሉ እንደ መኪና ነዳጅ ነው።»

«እንደየትኛዋ መኪና?»

ቴክኒሽያኑ ግራ ገብቶት ዞር አለ። «እንደ ማንኛዋም መኪና።»

«የስፌት መኪና ከሆነችማ አውቃታለሁ።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። ጓንትና የብየዳ ጭምብል አቀበላትና ወንበሩን ለቀቀላት። መርፌ ተቀመጠች፤ በቀኝ እጇ ቶርቹን፣ በግራዋ ቀልጦ ክፍተቱን የሚሞላውን ቀጭን የአሉሚኒየም ዘንግ ያዘች። እግሯን ፔዳሉ ላይ ስታሳርፍ ሰውነቷ ያወቀው ነገር ነበር፤ ተረከዝ መሬት ላይ፣ ጣት ላላ ብሎ ከላይ። ቀስ ብላ ጫን አለችው። በጨለማው መስታወት ውስጥ አንዲት ትንሽ የብርሃን ነጥብ ታየቻት፤ ከሥሯ አሉሚኒየሙ ላብ እንዳላበው ግንባር አበራና እንደ መስታወት ያለች ኩሬ ሠራ። ዘንጉን አስነካች፤ ኩሬዋ ጎረሰችው። ልትሰፋ ስትል እግሯን ላላ አደረገች፤ ኩሬዋም ሰበሰብ አለች። ልክ ወፍራም ጨርቅ ላይ ስትደርስ ጠበቅ፣ ስስ ላይ ስትደርስ ላላ እንደምታደርገው።

ጭምብሉን ስታነሳ መስመሩ እንደ ሰካራም እግር የተጣመመ ነበር። ቢሆንም አንድም ቦታ አልተበሳም።

«እግርሽ ከእጅሽ ቀድሞ ተምሯል» አላት ቴክኒሽያኑ። «አሁን የቀረሽ እጅሽን ማስከተል ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የወንበር ልብሷን ስትጨርስ ሸራውን ትገልጣለች። በልብስ ስፌት ጠመኔዋ ከየማዞሪያው ጎን ምልክት አደረገች፤ ለስሱ አሉሚኒየም እዚህ፣ ለወፍራሙ እዚያ። ተንግስተኗን ብረቱ ላይ እያስነካች ስንት ጊዜ እንዳበላሸች እሷና ብረት መሳያው ሞላ ያውቃሉ፤ ተነስታ ጫፏን በሞላ ትስልና እንደገና ትቀመጣለች። ጋሽ ብልጭታ በአጠገቧ ሲያልፉ «ክር አለቀባት መሰለኝ ብረት ጀመረች» ይላሉ። እሷም «ቁልፍ አምጡ ልትከልልዎ፣ ጋሼ፤ ሸሚዝዎ ሆድዎ ላይ ተከፍቷል» ትላቸዋለች። ቀስ በቀስ መስመሯ ቀና፤ የዓሣ ቅርፊት እንደተደረደረ አምሮ መውጣት ጀመረ። ጋሽ ብልጭታ አንድ ቀን ማንም የማያይ መስሏቸው ከወደቀው ቁራጭ አንዱን አንስተው በአውራ ጣታቸው ሲዳስሱ አየቻቸው።

ከዚያ የጀልባው ነገር መጣ። ሐይቁን የሚያሻግር አንድ ትልቅ የአሉሚኒየም ጀልባ ነበረ። ማዶ ያለው ሰው ሁሉ ገበያም፣ ትምህርት ቤትም፣ ሐኪም ቤትም የሚመጣው በእሱ ነው። አንድ ቀን ድንጋይ ላይ ወጥቶ ጎኑ ተሰነጠቀ። ካፒቴኑ ጀልባውን በጭነት መኪና ሩቅ ከተማ ልኮ ሊያስጠግን አስቦ ነበር፤ እስኪመለስ ግን ሰዉ ሐይቁን በእግር ሊዞር ነው። የአርጎኑን ማሽን ወሬ ሰምቶ ዋርሳዋ ዘንድ መጣ።

«የሚችል ሰው አላችሁ?» አለ።

ዋርሳዋ ወደ መርፌ ዞረ። መርፌ ወጥታ ስንጥቁን ዳሰሰች። የክንድ ርዝመት አለው።

«እችላለሁ» አለች። ድምጿ ከአሰበችው በላይ ጮኸ።

«አንድ ነገር ልበል» አሉ ጋሽ ብልጭታ፣ ሳይጠሩ መጥተው። «ስንጥቁ ጫፍና ጫፉ ላይ ካልተበሳ አንቺ ከኋላ ስትበይጂው እሱ ከፊት እየተሰነጠቀ ይሄዳል። መብሳቱንና የተጎረበጠውን ማቃናቱን ለኔ ተይው።» በመዶሻና በእንጨት ትራስ እያባበሉ ጎኑን አቀኑት። እሷ ቀለሙን ፋቀች፤ አሉሚኒየሙ ብር እስኪመስል በብሩሽ ፈተገችው።

ጀልባው በበሩ ስለማይገባ ማሽኑ ወደ ግቢው ወጣ። የሰፈሩ ሰው ብረት አይቶ የማያውቅ ይመስል አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። መርፌ ማዞሪያዋን ኤሲ ላይ አደረገች፣ አምፒሩን በጠመኔ ምልክቷ ላይ አቆመች፣ ጋዙን ከፈተች፣ ጭምብሏን ፊቷ ላይ አወረደች። ገና ጥቂት እንደሄደች ኩሬዋ ጠቆረች፤ ተንተከተከች፤ መስመሩ የተቃጠለ ስፖንጅ መሰለ። አቆመች። ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ ሁሉም በቦታቸው ናቸው። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ጥቁር።

አጥሩ ላይ ሹክሹክታ ተሰማ። ካፒቴኑ ሰዓቱን አየ። ዋርሳዋ ላቡን ጠረገ። «ማሽኑ በሽተኛ ነው ብዬ ነበር» አሉ ጋሽ ብልጭታ፤ ይሄን ያሉት ግን በክፋት አልነበረም፤ አዝነውላት ነው።

መርፌ ጓንቷን አውልቃ ቆመች። ያን ጊዜ የራስ ሻሿ ጫፍ ፊቷን መታት። ከሐይቁ የሚመጣ ንፋስ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ የማታውቀው ንፋስ። ጋዙ ከቶርቹ እንደወጣ እየጠረገ ይወስደዋል፤ ኩሬዋም ራቁቷን ቀርታለች።

«ማሽኑ ደህና ነው፤ ልብስ ነው ያጣው» አለች።

ሮጣ ገብታ የድሮውን የማሽኑን ሸራና የወንበር ልብስ ትርፍራፊ አወጣች። የስፌት መኪናዋ ጮኸች። ሳትለካ በዓይኗ ቆርጣ፣ ጠርዙን በድርብ ሰፍታ፣ የጀልባውን ጎን ከላይ እስከ መሬት የሚያለብስ ቀሚስ የመሰለ ድንኳን አወጣች። ዋርሳዋና ጋሽ ብልጭታ በገመድ ወጠሩላት። የጠቆረውን በሞላ ፍቃ አነሳችና ከሸራው ሥር ገባች።

ከውጭ የሚታየው ሸራውን የሚያሳሳ ሰማያዊ ብርሃን፣ የሚሰማውም ጠበቅ ላላ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ከሸራው ሥር ስትወጣ ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል፤ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። «እዩት» አለች።

ጋሽ ብልጭታ ቀድመው ገቡ። ብየዳው ሲቀዘቅዝ በውጭ በኩል ጠመኔ ቀቡበት፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ላምባ አፈሰሱ። ቀዳዳ ካለ ላምባው አልፎ ጠመኔውን ያረጥበዋል። ሁሉም ተጎንብሶ ነጩን መስመር አፍጥጦ አየ። ጠበቁ። ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«ጠብታ የለም» አሉ ጋሽ ብልጭታ። ከዚያ ወደ ካፒቴኑ ዞረው «የኛ ሰው ነው የበየደው» አሉት፤ የኛ የሚለውን ቃል ረገጥ አድርገው።

በማግስቱ ጀልባው ውኃው ዳር ቆመ። ሰዉ ተሰብስቧል፤ የሚሳፈር ግን የለም። ካፒቴኑ ሳቅ ብሎ «የበየደው ሰው ካልተሳፈረ እኔም አልሳፈርም» አለ። መርፌ ዋና አትችልም። ሐይቅ ዳር ኖራ ውኃ ከጉልበቷ በላይ አስነክታ አታውቅም። ባሏ ከነዩኒፎርሙ ከአውቶቡስ ወርዶ መጥቶ ነበር፤ እጇን ያዘ።

«ሌላ ሰው ሲነዳ መሳፈር አልወድም» አላት፤ «ዛሬ ግን ከሚስቴ ሥራ ላይ ነው የምቀመጠው።»

ገቡ። ከኋላቸው ጋሽ ብልጭታ፣ ከዚያ ዋርሳዋ፣ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ተግተልትሎ። ሐይቁ መሐል ማዕበሉ ጎኑን ሲመታው መርፌ ዓይኗን ጨፍና ጎንበስ አለችና መዳፏን ስፌቷ ላይ አሳረፈች። ደረቅ ነው። ቀስ ብላ በመዳፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበት። ደረቅ ነው። ዓይኗን ስትገልጥ ማዶ ያሉት ሰዎች ከሩቅ እጃቸውን እያውለበለቡ ነበር፤ ያኔ ተነስታ ቆመች፤ ውኃውን መፍራቷንም ረሳች። ባሏ ቀና ብሎ ሲያያት እንደ አውቶቡስ ሹፌር ሳይሆን እንደ መጀመሪያ ተሳፋሪ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭሩ ይሄ ነው፦ የሐይቁ ወሬ ከጀልባው ይፈጥናል። በሳምንቱ ውስጥ የተሰነጠቀ ጀልባ፣ የሚያፈስ የአሉሚኒየም ወተት ዕቃ፣ የተሰበረ የሞተር ክዳን ይዞ ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ያልመጣ የለም። ዋርሳዋ ጥጉን ትቶ የአዳራሹን ግማሽ ሰጣት። ጋሽ ብልጭታ ወፍራም ቦት ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀለል ያለ ጫማ ገዝተው መጡና «እስቲ አሳይኝ፣ ልጄ» ብለው ከፔዳሉ ፊት ተቀመጡ።

አንድ ጠዋት አንዱ አጣዳፊ ደንበኛ፣ የሞተር ክዳኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ሰልፉን ጥሶ መጣባት። «እኔ ቸኩያለሁ» አለ።

መርፌ ጭምብሏን ከግንባሯ ሳታወርድ አየችው። «እሳቱ አይቸኩልም» አለችው፤ «ተራ ያዝ።»