ለቶሎሳ የመረጥኩለት ድንጋይ

ይህን ጉዳይ ለአንድም ሰው ተንፍሼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴ እንኳ «አባቴ፣ ዋሽቻለሁ» ብዬ በጅምላ አለፍኩት እንጂ የት፣ ማን ፊት፣ በማን ትከሻ ላይ እንደሆነ አልዘረዘርኩም። ከኋላዬ ብዙ ሰው ይጠብቅ ስለነበር እሳቸውም አልጨቀጨቁኝም፤ ስግደት አዘዙኝ፣ ሰገድኩ፣ ወገቤን አመመኝ፣ ነገሩ ግን እንዳለ ቀረ። እናንተ ወረፋ የሚጠብቅባችሁ የለምና እስኪ አረፍ ብላችሁ ስሙኝ። መሳቅ ይፈቀዳል። እኔም ሳስታውሰው መጀመሪያ ያስቀኛል፣ ከዚያ አንገቴን ያስደፋኛል።

ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳለሁ ቶሎሳ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ ዛሬም አለኝ። ዶርማችን አንድ ነው፤ እሱ ዝምተኛ፣ እኔ ለፍላፊ። እሱ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጅ ነው። አባቱ ጋሽ በዳዳ እንጦጦ ግርጌ ገብስ ሲያርሱ ኖረው፣ ከተማው መሬታቸው ላይ ሲደርስ የትምህርት ቤት ጥበቃ ሆኑ። እኔ ደግሞ ከደብረ ታቦር የመጣሁ፣ አዲስ አበባ ላይ ዘመድ የሌለኝ፣ የካፌ ሽሮ ያንገሸገሸኝ ልጅ ነበርኩ። ታዲያ ጥር ሲገባ በየሰፈሩ የሠርግ ድንኳን ይተከላል። የሀገራችን ሰው ደግሞ፣ ይባርከውና፣ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠን ሰው «ማን ጠራህ?» ማለት ነውር ነው ብሎ ያምናል። በሴት ቤት «በወንድ በኩል ነን»፣ በወንድ ቤት «በሴት በኩል ነን» ካልክ ሥጋው ይመጣል። ሰው ፊት የሚለበስ ኮት የነበረው ቶሎሳ ብቻ ስለነበር ኮቱን በየተራ እንለብስ ነበር። ያን እሁድ ተራው የኔ ነበር። ጥቁር መነጽር ጨመርኩበትና ጉርድ ሾላ፣ የሙሽሪት ቤት ገባን።

ጠጁ ጥሩ ነበር። ከሚገባው በላይ ጥሩ ነበር። አጋፋሪው ተነሥቶ «ከሙሽራው የሥራ ባልደረቦች አንድ ሰው ምርቃት ያሰማን!» አለ። ማንም አልተነሣም። ዝምታው ለሙሽራው አሳፈረኝ። ቶሎሳ የገዛ ኮቱን ጫፍ ይዞ ወደ ታች ይጎትተኛል፣ እኔ ቆሜያለሁ።

«ሙሽራውን የማውቀው አዳማ ሳለን ነው» አልኩ። ሰውየውን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። «ልጅ ሲወድ አይጣል ነው! እዚያ አንዲት ሕፃን ነበረች፤ ከሥራ ሲገባ ‹አባዬ መጣ!› ብላ አንገቱ ላይ ትጠመጠም ነበር።»

እኔ እኮ ማመስገኔ ነበር!  ከጀርባዬ ግን የሙሽሪት አባት የአቶ ተሾመ ድምፅ «የማን አባት ነው የመጣው?» ሲል ሰማሁ። ከዚያ በሴት በኩል ያለው ሁሉ ተነሣ፣ በወንድ በኩል ያለውም ተነሣ። ላብ አጠመቀኝ፤ ኮቱን አውልቄ ወንበር ላይ ጣልኩና በድንኳኑ ጨርቅ ሥር ሾልኬ ሮጥኩ። ቶሎሳም ተከተለኝ። ለካ ሙሽራው አዳማን በመኪና መስኮት እንጂ አያውቃትም፤ ይህንኑ ለማስረዳት ሽማግሌዎች ስንት ሰዓት ሙሉ ደከሙ፣ ጥብሱ ቀዘቀዘ፣ ሙሽሪት እያለቀሰች ፎቶ ተነሣች። ለኔ ቀልድ ነበር። ለእሷ ግን ሠርጓ ነበር።

ኮቱ ኪስ ውስጥ የቶሎሳ የተማሪ መታወቂያ ነበር።

አቶ ተሾመ ኮቱን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ዩኒቨርሲቲው ግቢ መጡ። ተናጋሪውን ከጀርባው ነው ያዩት፤ የሚያውቁት ኮቱን ነው። ቶሎሳ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበ፤ እኔም የዶርም ጓደኛው ነህ ተብዬ ለምስክርነት ተጠራሁ። መምህራኑ መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ተከራከሩ። አንዱ «ከግቢ ውጭ፣ ያውም እሁድ ቀን፣ ተማሪዎች ሥጋ ቢበሉ እኛን ምን አገባን? ከካፌው ሽሮ ሸሽተው ነው!» አሉና ሁሉም ሳቀ። ሰብሳቢዋ ግን አልሳቁም። «አጥሩን ሲወጣ ስማችንን እኮ ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የወጣው። ሰው የሚያማው ልጁን ብቻ አይደለም» አሉ። ከዚያ ወደ ቶሎሳ ዞሩ።

«ንግግሩን ያደረግኸው አንተ ነህ?»

ቶሎሳ ቀና ብሎ አየኝ። ጊዜ ሰጠኝ፤ ዛሬም ድረስ የሚከነክነኝ ያ የሰጠኝ ጊዜ ነው። አልተጠቀምኩበትም። «ኮቱ የኔ ነው» አለ።

«አንተስ፣ ያን ቀን የት ነበርክ?» አሉኝ።

«ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ» አልኩ።

ቤተ መጻሕፍት! እኔ! እሁድ! ፈተና ካልደረሰ በሩ በየት በኩል እንደሆነ የማላውቀው እኔ! ቶሎሳ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ። አንድ ዓመት ከትምህርት ታገደ። ስንወጣ «ለምን?» ብዬ ጠየቅሁት፤ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ለመጠየቅ ፊት ነበረኝ! «አንተ ማስጠንቀቂያ አለብህ፣ ጨርሰው ያባርሩሃል። ደብረ ታቦር ሩቅ ነው። የኔ ቤት እዚሁ ነው፣ በታክሲ እመለሳለሁ» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ብዬ ሽሮዬን በላሁ።

ጋሽ በዳዳ ግን ነገሩን በዚያ አልተዉትም። «የሰው ሠርግ አፍርሶ በአንድ ከተማ ሳይታረቁ መኖር የለም» ብለው ሽማግሌ ሰበሰቡ። በእሳቸው ወግ የበደለ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለው። «መስፍን፣ ከጓደኛህ ጋር ውጣና ድንጋይ ፈልጉ» አሉኝ። ጉርድ ሾላ ኮብልስቶን እንጂ የወግ ድንጋይ ስለሌለ እንጦጦ ወጣን። የመረጥኩት እኔ ነኝ። ቀለል ያለ፣ ለአንገት የማይጎረብጥ ፈልጌ «ይቺ አትከብድህም» አልኩት። ምን ያህል ደግ እንደነበርኩ እዩልኝ! በሚኒባስ ይዘነው ስንወርድ ረዳቱ «እንጦጦን ልታፈርሱት ነው?» ብሎ ቀለደብን። እኔ ከአቶ ተሾመ ቤት መታጠፊያ ላይ ቀረሁ። ቶሎሳ ለኔ ንግግር፣ የኔን ድንጋይ ተሸክሞ ደጃቸው ላይ አጎንብሶ ቆመ።

ታርቀው ተመለሱ። ድንጋዩን ከአንገቱ ያወረደችለት ደግሞ የሙሽሪት ታናሽ እህት ሰናይት ናት። «እንዲህች ላለች ጠጠር ነው እንዲህ ያጎነበስከው?» አለችው አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተ ገምቱት።

ለቶሎሳ ምርቃት ጋሽ በዳዳ ቀድመው ከሾላ ገበያ በግ ገዝተው ያደልቡ ነበር። ሐምሌ ሲደርስ ጎረቤት «በጉ መቼ ነው የሚታረደው?» ሲላቸው፣ ልጄ ታገደ ማለት አፍረው «ገና አልሰባም» ይላሉ። በጉ መራመድ እስኪያቅተው ሰብቷል! ሰፈሩ በጉን «ዲግሪ» ብሎ ስም አወጣለት። ዲግሪ ሌላ አንድ ዓመት ሲግጥ ኖረ። እኔ በወቅቱ ተመረቅሁ። እናቴ መምጣት ስላልቻለች ጋሽ በዳዳ ልብሳቸውን አስተኩሰው መጡ፣ ጋውን ለብሼ ሳልፍ አጨበጨቡልኝ፣ መረቁኝም። ከዚያ ቀስ ብለው «አንተ ጨዋ ልጅ ነህ። ያን ጊዜ ምነው ጓደኛህን ብትመክረው?» አሉኝ።

ምን አልኩ መሰላችሁ? «አልሰማ ብሎኝ ነው» አልኩ።

ይሄኛው ከቤተ መጻሕፍቱ ይብሳል። ያኔ ፈርቼ ነው ልበል። ይህን ግን ማን አስገደደኝ? በዓመቱ ዲግሪ ታረደ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጋሽ በዳዳ በእጃቸው ያጎረሱት እኔን ነው። ጎረስኩ። ጣፈጠኝም፣ ምን ልዋሽ!

ዛሬ ቶሎሳና ሰናይት ተጋብተዋል። አቶ ተሾመ በየድግሱ «አማቼ ከመግባቱ በፊት ቤቴን ያፈረሰ ጀግና ነው» እያሉ ታሪኩን ያወራሉ፤ ቶሎሳንም «አዳማ» ነው የሚሉት። ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ የምስቀው እኔ ነኝ። ጋሽ በዳዳ ብቻ አይስቁም፤ እጃቸውን አጣጥፈው መሬት መሬቱን ያያሉ። አውቃለሁ፣ አንዳንዳችሁ «ታዲያ ባትዋሽ ሰናይትን በየት ያገኛት ነበር?» ትሉኛላችሁ። እኔም ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። አይሆንም። ሰናይት የእሱ ዕድል ናት እንጂ የኔ ውለታ አይደለችም።

እሁድ የልጃቸው ክርስትና ነው። የክርስትና አባቱ እኔ ነኝ። ካህኑ ሲጠይቁ ስለ ሕፃኑ የምመልሰው እኔ ነኝ ማለት ነው። ስለ ራሴ ተጠይቄ አንዲት እውነት መመለስ ያቃተኝ ሰው፣ ስለ ሰው ልጅ በምን አፌ ልመልስ?

ትናንት ለቶሎሳ «ለአባትህ ልነግራቸው ነው» አልኩት። «ተው እንጂ፣ ስንት ዓመት ከርሞ! በዱላ ነው የሚልህ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመና «አባዬ ደስ ይለው ነበር» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ቶሎሳ ያን ሁሉ ዓመት ይህን ሲጠብቅ ኖሯል ለካ።

ዛሬ ጠዋት እንጦጦ ወጥቼ ነበር። ቀላሉን አልመረጥኩም። ይህ ቦርጬና ይህ መላጣዬ ተጨምሮበት እስከ መኪናው ሳደርሰው ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ ቁልቁል የሚሮጡ ስፖርተኞች «አይዞህ ፋዘር!» አሉኝ። አይዞህ አያስፈልገኝም። እሁድ ድንኳኑ ሲሞላ፣ አቶ ተሾመ ያንን ታሪክ ሲጀምሩ፣ ድንጋዩን አንገቴ ላይ አድርጌ ጋሽ በዳዳ ፊት እቆማለሁ። ንግግር አሳምር የነበርኩት ሰውዬ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የያዝኩት፤

ጋሽ በዳዳ፣ ያን ቀን ቤተ መጻሕፍት አልነበርኩም።